መንገዱ እስኪቀል ልጁ ይተኛል

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። መንገዱን ግን አይቆጥርም። አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ ላይ የአያት ታክሲ የተሰለፈ ሰው ያውቀዋል፤ 11:30 ከቢሮ ወጥቶ ቤቱ ሲገባ ከምሽቱ አንድ ሰዓት አልፏል። የአራት ዓመት ልጄ ደግሞ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እንቅልፍ ይጥላታል። እራቱም፣ ገላ መታጠቡም፣ የቤት ሥራውም፣ ጨዋታውም እዚያች መሃል ነው የሚገባው።

ጫማዬን ሳላወልቅ ወሬዋን ትጀምራለች፦ ማን ማንን እንደገፋ፣ የማን ምሳ ዕቃ ውስጥ ፓስታ እንደነበረ፣ ቲቸር ለማን ኮከብ እንደሰጠች። ይህ ወሬ "ቆይ፣ እራት ልሥራ" ከተባለ በኋላ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ መጀመሪያ ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ፤ ሽሮው ይዘግይ። ከዚያ አብረን ጓዳ እንገባለን። ነጭ ሽንኩርት መላጥ የእሷ ሥራ ነው፤ ልጣጩ ጣቷ ላይ ሲጣበቅ እያራገፈች ታወራኛለች።

ከሁሉ የሚከብደኝ የቢሮው ቴሌግራም ግሩፕ ነው። ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ "ሪፖርቱ ነገ ጠዋት ይድረሰኝ" ይላል። አለቆቻችን፣ እባካችሁ! መልእክቱ ጠዋት ቢሮ ስንገባ ቢደርሰን ሥራው ምን ይጎድልበታል? ስልኩን ሳነሳ ልጄ አገጬን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ ታዞረዋለች።

አባቶች፣ ለእናንተም የምለው አለኝ። አዋጁ ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሲሰጥ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ብቻ ነው። ገና ከጅምሩ እንግዳ አድርጓችኋል፤ በእኔ እምነት ይህን የሚያካክሰው ማታው ነው። "መንገዱ እስኪቀል" ብላችሁ ካፌ ስትቀመጡ ልጁ ይተኛል። ባለቤቴ ትንሹን ልጃችንን ሲያጥብ "ላግዝሽ" አይለኝም። ውሃውን በክርኑ ለክቶ ይጀምራል። የእሱ ሥራ ነውና።

የኬጂ የቤት ሥራ ነገርም ያሳዝነኛል። ቀኑን ሙሉ ክፍል የዋለች ሕፃን ማታ ዓይኗን እያሸች ሁለት ገጽ ፊደል መጻፍ የለባትም። እኛ ቲቸሯን አነጋግረን ጽሕፈቱን ወደ ቅዳሜ አዛውረነዋል። እሷም ሌሎች ወላጆች ይህንኑ እንደሚፈልጉ፣ ግን ደፍሮ የጠየቀ እንዳልነበረ ነገረችን። እናንተም ጠይቁ።