ወርቅ አይበላም

አንባቢ ሆይ፤ ስለ ወርቅ ማዕድን ሲነሣ ትዝ የሚልዎ ዶማና አካፋ ይሆናል። እኔ ግን በሻኪሶ አጠገብ በአንድ የማዕድን ሰፈር የእህል ግምጃ ቤት ኃላፊ ስለ ነበርሁ፥ ትዝ የሚለኝ ጆንያ ነው።

ሂሳቡን ይመልከቱት፤ ለ200 ሰው በቀን ግማሽ ግማሽ ኪሎ ቢታደል፥ በየቀኑ 1 ኩንታል፥ በ40 ቀንም 40 ኩንታል ያልቃል። እህሉን ከነቀዝና ከእርጥበት መጠበቅ አያስቸግርም፤ ጆንያው በርብራብ ላይ ይደረደራል፥ ከግድግዳ ይርቃል፤ አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይወጣል። በቆሎን ነቀዝ ስለሚወደው ቶሎ ይታደላል፤ ጤፍ ግን ደቃቅ ስለ ሆነ ብዙ ይቆያል።

ችግሩ ዝናብ ነው። በጉጂ አገር ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይጥላል። ክረምትን በአዲስ አበባ ሐምሌ የሚቆጥር ሰው፥ «ገና ጊዜ አለ» ብሎ ስንቁን በግንቦት ቢልክ፥ መኪናው ጭቃ ላይ ይቆማል። ስለዚህ በየዓመቱ በጥር ወር «አሁን ላኩልን» እያልሁ እጽፍ ነበር። አንድ ዓመት ደብዳቤዬ ሳይፈረም ሰነበተና፥ የቀን ድርሻውን በእኩሌታ ቀንሰን 11 ቀን አሳለፍን። ወርቁ በሣጥን ተቆልፎ ነበር፤ ነገር ግን እንጀራ አልሆነልንም።

እርስዎም ነገ በጠረጴዛዎ ላይ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢያገኙ፥ ሳያሳድሩ ይፈጽሙት። ወረቀቱ ባደረ ቍጥር በሩቅ አገር ምጣዳቸው ሳይሰማ የሚያድር ቤተ ሰቦች መኖራቸውን አይዘንጉ።