ዛጎሉን አላመጣሁላትም!

ወደ ኬንያ ስነሳ ፍቅረኛዬ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሽቶ አልፈልግም፣ ቀሚስ አልፈልግም፤ ከባሕሩ ዳር አንድ ዛጎል ብቻ!» ኪሴን የማውቀው እኔ ነኝና «ይኼማ በነፃ ነው» ብዬ በሆዴ እየሳቅኩ ተሳፈርኩ።

እናላችሁ፣ ከሞምባሳ በስተሰሜን፣ በኪሊፊ ካውንቲ፣ ኩሩዊቱ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ደረስኩ። ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሽቶ ድንጋዩ ብቅ ብቅ ብሏል። ጎንበስ ብዬ አንዷን ዛጎል ወደ ኪሴ ሰደድ ሳደርግ፣ «ልጄ፣ ካነሳህበት መልሰው!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። የሚያስጎበኙኝ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው።

«አባባ፣ አንድ ዛጎል ምን አላት?» አልኳቸው በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ።

«ባዶ መስሎህ ነው። ባለቤቱ ሲሞት ትንሽ ሸርጣን ይገባበታል። ቤት ነው» አሉኝ።

ቤት ኪራይ ፍለጋ መከራውን ያየ የአዲሳባ ልጅ ይኼ ጠፍቶት ነው? አፈርኩ። መለስኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣው እየመነመነ ሲሄድ የመንደሩ ሰዎች ማኅበር አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሠላሳ ሄክታር ያህል ባሕር ለይተው «ከእንግዲህ እዚህ መረብ አይጣልም» አሉ። በስዋሂሊ «ቴንጌፉ» ይሉታል፤ ተለይቶ የተቀመጠ እንደማለት። በ2007 ደግሞ የመንግሥት ደንብ ወጣና፣ በየባሕሩ ዳር ያሉ ዓሣ አጥማጆች የራሳቸውን ኮሚቴ መርጠው አጠማመዱን እንዲቆጣጠሩ ተፈቀደላቸው። ኩሩዊቱ በ2017 የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኩዌተር ሽልማት አገኘች። በዚያው ዓመት ኬንያ ፌስታልን በሕግ ከለከለች።

«ቀላል እንዳይመስልህ» አሉኝ ሽማግሌው። «የገዛ እንጀራችንን ነው የዘጋነው። ከወንድም ጋር ተኳርፈንበታል። ዛሬ ግን እዚያ ውስጥ የተራባው ዓሣ ወደ ውጭ ይወጣል፤ እኛም ከዳር ሆነን እናጠምዳለን።»

እኔ የምለው ወገኖቼ፣ ሐዋሳና ላንጋኖ ዳር ከፍቅረኛችሁ ጋር ተዝናንታችሁ ስትነሱ፣ ፌስታሉንና የሃይላንድ ኮዳውን ለማን ትታችሁት ነው? ማዘጋጃ ቤቱን ማማት እንወዳለን። እነዚያ ሰዎች ግን ሕግ እስኪወጣ አልጠበቁም፤ ከራሳቸው መረብ ጀመሩ።

ባዶ እጄን ስመለስ ሁለት ቀን ኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን ታሪኩን አጫወትኳት። ዝም ብላ ቆየችና፣ «እና አሁን ሸርጣኑ ቤቱ ውስጥ ገብቷል?» አለችኝ።

«ሳይገባ አይቀርም» አልኳት። «ያውም ያለ ኪራይ!»