አልነሳም ያለው የሪከርድ ክፍላችን ኮምፒውተር



በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ተመራቂዎቻችን፣ ስለ ፈተና ውጤትና ስለ ትምህርት ቤቱ ሥራ እንጽፋለን። ዘንድሮ ግን ስለ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር እንድንጽፍ ፍቀዱልን። ነገሩ ካለፈ በኋላ ቀላል ይመስላል። በግንቦት 2007 ዓ.ም. ለሦስት ቀን ያሳለፍነው ጭንቀት ግን የሁላችሁንም ልጆች የሚመለከት ነበር።

ዕለቱ ማክሰኞ ነው። የካርቱምን የግንቦት ሙቀት ታውቁታላችሁ። የሪከርድ ክፍል ባልደረባችን የስድስተኛ ክፍልን ውጤት እያስገቡ ሳለ መብራት ሄደ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመጣ ኮምፒውተሩን አበሩት፤ ዊንዶውስ ግን አልመጣም። በጥቁር ገጽ ላይ አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ታየች፤ «ቡት ማኔጀር» የሚባለው እንደሌለ ትናገራለች። አጥፍተን አበራን፤ ያችው መስመር። ሦስተኛም ሞከርን፤ ያችው።

በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ የዘጠኝ ዓመት የተማሪዎች ውጤት ነበር። የወረቀቱን ሮስተር ለምን አታዩም የሚል ይኖራል። በ2005 ዓ.ም. ክረምት ካርቱምን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ከመደርደሪያችን የታችኛውን ረድፍ አበስብሶብናል። በፍላሽ የተቀመጠ ቅጂም ነበረን፤ ግን የአምናው ነው። «ሐሙስ ሐሙስ እንገለብጣለን» ብለን ወስነን ነበር። ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሌላ ሥራ ይመጣል። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የመብራቱ ብቻ አልነበረም።

በዚያው ቀን አንዲት እናት በቢሯችን ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ሁለቱን ልጆቻቸውን ይዘው ቅዳሜ በመተማ በኩል ወደ አገር ቤት ሊገቡ ነው። የሚፈልጉት መሸኛና ትራንስክሪፕት ነው። ያለዚያ ወረቀት ልጆቹን የሚቀበላቸው ትምህርት ቤት በየትኛው ክፍል ያስቀምጣቸዋል? «ነገ ይምጡ» አልናቸው። እንዲህ ስንላቸው ነገ ምን እንደምንሰጣቸው አናውቅም ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ኮምፒውተሩን በአንሶላ ጠቅልለን፣ አምጃድ ተኮናትረን ሱቅ ዐረቢ ወረድን። በትልቁ መስጊድ ዙሪያ የነበረውን ግርግር ለምታውቁ መንገር አያስፈልግም፤ ስልክ ሻጩ፣ ልብስ ሻጩ፣ ሻይ የሚያፈሉት ሴቶች፣ የመኪናው ጥሩንባ። መጀመሪያ ያገኘነው ሱቅ ውስጥ አንድ ወጣት መስመሯን አየና «ፎርማት ነው፤ በአንድ ሰዓት አዲስ ሆኖ ትወስዱታላችሁ» አለን። እውነቱን እንናገር፤ ራሳችንን በእሺታ ነቅንቀን ነበር። ፎርማት የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ ስለሰማን ማጽዳት ማለት ይመስለን ነበር። የሪከርድ ባልደረባችን ናቸው «ውስጥ ያለውስ?» ብለው የጠየቁት። ልጁም ሳያመነታ «እሱማ ይጠፋል» አለ። ኮምፒውተሩን መልሰን ጠቀለልነው።

ከዚያ የቀድሞ ተማሪያችን ከሚሠራበት ሱቅ ሄድን። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሱዳናዊ ናቸው። ልጁ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ሰላምታ ሰጠንና የመጀመሪያ ጥያቄው «ጋሼ፣ ከተበላሸ በኋላ ማን ነካው? ምን አደረጋችሁ?» የሚል ሆነ። ማጥፋትና ማብራት ብቻ እንደሆነ ስንነግረው ፊቱ ፈታ አለ።

ሥራውን ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር አስረዳን። የሃርድ ዲስክ የመጀመሪያዋ ክፋይ 512 ባይት ብቻ ናት። ከእነዚህ ውስጥ 446ቱ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያነባት አጭር ፕሮግራም፣ 64ቱ ዲስኩ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚናገር ሰንጠረዥ፣ የቀሩት 2 ደግሞ ማኅተም ናቸው። ከዚያ ቀጥሎ ዊንዶውስን የሚጠራው ቡት ማኔጀር፣ የት እንዳለ የሚያመለክት ዝርዝርም አለ። «ጋሼ፣ ሮስተሩ ላይኖር ይችላል ብለው ፈርተዋል። የጠፋው ግን የፊት ገጹ ብቻ ሊሆን ይችላል» አለን። ሃያ ዓመት ሮስተር ስንሞላ ለኖርነው ሰዎች ይህ አነጋገር ወዲያው ገባን።

ዊንዶውሱ ራሱ ስለማይነሳ መጠገኛውም ከውጭ መምጣት ነበረበት። ልጁ ከሌላ ዊንዶውስ 7 ኮምፒውተር ላይ በባዶ ሲዲ የሠራውን የጥገና ዲስክ አስገባ። ኮምፒውተሩም ከሲዲው ተነሳ። ከምርጫዎቹ ውስጥ «ኮማንድ ፕሮምፕት» የሚባለውን ከፈተ። ሥዕል የለ፣ የሚነካ ምልክት የለ፤ ጥቁር ገጽና ብልጭ የሚል ጭረት ብቻ። ትእዛዙ በኪቦርድ ይጻፋል፤ መልሱም በጽሑፍ ይመጣል።

መጀመሪያ የጻፈው «ዲር» የሚለውን ነው፤ በዲስኩ ውስጥ ያለውን ዘርዝር ማለት ነው። ሲ ድራይቭን ሲጠይቅ ባዶ ሊባል የሚችል ዝርዝር መጣ። እኛ ደነገጥን። እሱ ሳቅ አለና ዲ ድራይቭን ጠየቀ፤ የእኛ ፎልደሮች በስማቸው ተደርድረው ወጡ። ለካ ከጥገና ዲስክ ሲነሳ ፊደሎቹ ሊቀያየሩ ይችላሉ። ሲ የተባለው ዊንዶውስ 7 ለመነሻው የሚያስቀምጣት 100 ሜጋ ባይት ክፍል ነበረች። ይህን የማያውቅ ሰው ፋይሉ ጠፍቷል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ወይም የተሳሳተውን ክፍል ይደልዛል።

ጥገናውን ግን አልጀመረም። «አስቀድመን እንገልብጥ» አለ። እዚያው ጥቁር ገጽ ላይ «ኖትፓድ» ብሎ ጻፈ፤ የምናውቀው መጻፊያ ተከፈተ። በእሱ ውስጥ ፋይል መክፈቻውን ሲጫን ፎልደሮቹን በዓይናችን አየናቸው። ከዚያ የሪከርድ ክፍሉን ፎልደር በሙሉ «ኤክስኮፒ» በሚባለው ትእዛዝ ወደ ውጫዊ ዲስክ ገለበጠ። የፋይሎቹ ስም አንድ በአንድ ሲያልፍ ባልደረባችን በለሆሳስ ያነቡ ነበር። ዲስኩ ራሱ ታሞ ከሆነ ጥገናው ሊያባብሰው ስለሚችል ቅጂው መቅደም እንዳለበት የነገረን በዚህ ጊዜ ነው።

ቅጂው ካለቀ በኋላ ወደ ጥገናው ገባ። በ«ቼክዲስክ» የፋይሎቹን መዝገብ አስተካከለ። ቀጥሎ «ቡትሬክ» የሚባለውን መሣሪያ በየተራ አዘዘው። «ፊክስኤምቢአር» የመጀመሪያዋን ፕሮግራም እንደገና ይጽፋል፤ የክፍፍሉን ሰንጠረዥ ግን አይነካም። «ፊክስቡት» የመነሻውን ክፍል መጀመሪያ ያድሳል። «ሪቢልድቢሲዲ» ደግሞ በዲስኩ ላይ ያለውን ዊንዶውስ ፈልጎ በዝርዝሩ ያስገባል። የመጨረሻው መልስ ግን «የተገኘ ዊንዶውስ፦ 0» የሚል ሆነ።

እኛ አለቀ ብለን ነበር። ባለቤቱ ከመነጽራቸው በላይ አይተው «ኡስታዝ፣ ሻይ ጠጣ» አሉን። ልጁም የተበላሸውን አሮጌ ዝርዝር በ«አትሪብ» ከመደበቂያው አወጣና «ሬን» በሚባለው ትእዛዝ ስሙን ቀየረው። «ለምን አታጠፋውም?» ስንለው «አዲሱ ባይሠራ ወደ አሮጌው እመለሳለሁ፤ ካጠፋሁት መመለሻ የለኝም» አለ። ያንኑ ትእዛዝ ደገመ። አሁን «1» አለ። ይጨመር ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ልጁ እሺ ብሎ መለሰ። ሲዲውን አውጥተን ኮምፒውተሩን ስናበራ የዊንዶውስ ምልክት መጣ። ባልደረባችን ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ሁሉም አልዳነም። መብራቱ ሲሄድ ተከፍቶ የነበረው የስድስተኛ ክፍል ፋይል ተበላሽቶ ተገኘ። መምህራኑ ማርክ ሊስታቸውን ስላልጣሉ በሁለት ቀን መልሰን አስገባነው። ለሱቁ የተጠየቅነውን ዋጋ ከፍለን ደረሰኝ ተቀበልን። ሐሙስ ጠዋት እናቲቱ የሁለቱን ልጆች ትራንስክሪፕት፣ ማኅተሙ ያረፈበትን፣ በእጃቸው ይዘው ሄዱ።

ለተማሪዎቻችን የምንለው ይህ ነው። እዚህ አገር ከ1997 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በነበረው የአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት በዚያን ጊዜ ብዙ ሶፍትዌር በሕጋዊ መንገድ መግዛት ያስቸግር ነበር፤ አንዳንድ ድረ ገጾችም ከሱዳን መሆናችንን ሲያውቁ አይከፍቱልንም ነበር። ያ ልጅ የተጠቀመባቸው መሣሪያዎች ግን ከዊንዶውሱ ጋር አብረው የመጡ ናቸው፤ የገዛው ባዶ ሲዲ ብቻ ነው። የጎደለን መሣሪያ ሳይሆን እውቀቱና ትዕግሥቱ ነበር። ትእዛዞቹን ማንም ሊሸመድዳቸው ይችላል። ልዩነቱ የመጣው ከቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ ማየት፣ ከዚያ መገልበጥ፣ ከዚያ መጠገን፣ መደለዝን እስከ መጨረሻው ማቆየት። አባቶቻችን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ፤ እኛ ግን በዚያ የመጀመሪያ ሱቅ ውስጥ የምንለቅመው እንኳ እንዳይኖር አድርገን ልናፈስ ነበር።

አሁን በየሐሙሱ ከመውጣታችን በፊት ሦስት ቅጂ ይገለበጣል፤ አንደኛው ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ ያድራል። የገለበጠው ሰውም በደብተር ላይ ይፈርማል። በሚቀጥለው ዓመት የቀድሞ ተማሪያችን በወር አንድ ቀን መጥቶ ለኮምፒውተር ክበባችን ይህንኑ ሥራ ሊያሳይ ቃል ገብቷል። ልምምዱ የሚደረገው ምንም ባልተቀመጠበት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ነው።

ወላጆችንም አንድ ነገር እንለምናለን። በዚህ ሳምንት የምትቀበሉትን የልጃችሁን ሰርተፍኬት ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡት። እኛም እንጠብቀዋለን፤ እናንተም ጠብቁት።

መልካም የክረምት ዕረፍት።

ርዕሰ መምህር