ልጅ ብቻውን ከደጅ የሚወጣበት ጊዜ፤ በቶኪዮ ከተማ የታየ

ልጅ በስንት ዓመቱ ብቻውን ከደጅ ወጥቶ ይመለስ ዘንድ ይገባዋል? ይህ ጥያቄ በያንዳንዱ ቤት ይነሣል፤ መልሱ ግን ከቤት ቤት ይለያያል። አንዱ ሰባት ዓመት ይበቃዋል ይላል፤ ሌላው ዐሥራ ሁለት ቢሞላውም አልለቀውም ይላል። እኔም ከኋለኞቹ ወገን ነበርሁ። ስምንት ዓመት የሞላውን ልጄን ከቤታችን አጠገብ ወዳለው ሱቅ እንኳ ብቻውን ሰድጄው አላውቅም ነበር። አሳቤን የለወጠው ወደ ጃፓን አገር ያደረግሁት ጉዞ ስለ ኾነ፣ በዚያ ያየሁትን ለአባቶችና ለእናቶች በአጭሩ እጽፋለሁ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ወደዚያ አገር ሄደው ያዩትን ሁሉ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው አስታውቀውናል። እኔ የምጽፈው ግን ስለ ታላላቁ ነገር አይደለም፤ ጧት ጧት በቶኪዮ መንገድ ስለሚሄዱት ሕፃናት ነው።

ያረፍሁበት ሰፈር ሴታጋያ በሚባለው ወረዳ ውስጥ ነበር። ከጧቱ 2 ሰዓት ገደማ ከደጅ ቆሜ ሳለሁ፣ ሰባት ዓመት የማይበልጣት አንዲት ልጅ ብቻዋን ስትመጣ አየሁ። በራስዋ ላይ ቢጫ ቆብ ደፍታለች፤ በጀርባዋም ራንዶሴሩ የሚሉትን ጠንካራ የትምህርት ቤት ቦርሳ አዝላለች። ከመሻገሪያው ስትደርስ ቀኝ እጅዋን ከፍ አድርጋ ቆመች። መኪናውም ቆመላት፤ ተሻግራም ወደ ነጂው ዘወር ብላ እጅ ነሣችና መንገዷን ቀጠለች። እኔ ደንግጬ፣ በአጠገቤ ደጁን ይጠርጉ የነበሩትን ሽማግሌ «ይህችን ሕፃን ማን ይጠብቃታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው «እኔ እያየኋት ነው» አሉኝ።

ነገሩን ስመረምረው የሽማግሌው ቃል እውነት ኾኖ አገኘሁት። በጃፓን ልጅ በስድስት ዓመቱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይገባል፤ የትምህርቱም ዘመን የሚጀመረው በኛ አቈጣጠር በመጋቢት መጨረሻ ግድም ነው። ከዚያ አስቀድሞ ወላጆቹ መንገዱን ከልጁ ጋር እየተመላለሱ ያለማምዱታል። ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደው መንገድ ተለይቶ የታወቀ ነው፤ በብዙ ስፍራም በመግቢያና በመውጫ ሰዓት መኪና እንዳያልፍበት ይከለከላል። ቢጫው ቀለም የተመረጠው ነጂ ከሩቅ እንዲያየው ነው። በብዙ አውራጃ ሕፃናቱ ተሰብስበው በሰልፍ ይሄዳሉ፤ ታላቁም ታናሹን ይመራል። ልጅ ቢያስፈራው ገብቶ የሚጠጋባቸው ቤቶችና ሱቆች በደጃቸው ምልክት ለጥፈዋል። ኮባን የምትባለው ትንሽ የፖሊስ ቤትም በየሰፈሩ አለች፤ ይህ ሥርዓት በቶኪዮ የተጀመረው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1874 ነው። ማታ በ11 ሰዓት ገደማ ደግሞ ስለ መሬት መናወጥና ስለ ሌላ አደጋ ማስጠንቀቂያ የተተከለው የድምፅ ማጉያ፣ መሥራቱን ለመፈተን በየቀኑ ዜማ ያሰማል። ሕፃናቱም ያን ሲሰሙ ጨዋታቸውን ትተው ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

ይህን ስል በዚያ አገር ክፉ ሰው የለም ማለቴ አይደለም። በ2004 በፈረንጆች አቈጣጠር በናራ ከተማ አንዲት የሰባት ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋ ተገድላለች፤ አገሩም ሁሉ ታላቅ ሐዘን ዐዘነ። ነገር ግን ሕዝቡ ልጆቹን በቤት አልዘጋባቸውም። ይልቁንስ በየሰፈሩ ሽማግሌዎችና እናቶች በፈቃዳቸው እየወጡ በመውጫ ሰዓት በየመንገዱ ማእዘን ይቆሙ ጀመር። ለሕፃናቱም ሲስቡት የሚጮኽ መሣሪያ በቦርሳቸው ላይ ተንጠለጠለላቸው።

ከ1991 ጀምሮ በቴሌቪዥናቸው የሚታይ አንድ ዝግጅት አለ፤ ትርጓሜው «የመጀመሪያው መላክ» እንደ ማለት ነው። ገና ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናት ወደ ሱቅ ሲላኩ ያሳያል። ተመልካች ሕፃኑ ብቻውን የሚሄድ ይመስለዋል፤ ነገር ግን መንገዱ አስቀድሞ ተመርምሯል፤ ፎቶግራፍ አንሺዎቹም ተሰውረው ይከተሉታል። የነገሩም ምስጢር ይህ ነው፤ ብቻውን የሚሄደው ልጅ በእውነቱ ብቻውን አይደለም።

በአሜሪካ ግን ልጁን ብቻውን ወደ መጫወቻ ስፍራ የሰደደ ወላጅ በጎረቤቱ ተከሶ በፖሊስ የተጠየቀበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የዩታ ግዛት በ2018 ይህን የመሰለው ነገር እንደ ቸልተኝነት እንዳይቈጠር ሕግ አወጣ። በዚያ ያሉ ወገኖቻችን የሚኖሩበትን ግዛት ሕግ አስቀድመው ቢጠይቁ መልካም ነው።

በባላገር ያለው ልጃችንስ በሰባት ዓመቱ ጥጃና ፍየል ይዞ ሜዳ ይውል የለምን? እርሱንም የሚያኖረው ከማዶ ያለው አራሽ ሁሉ «የእገሌ ልጅ» ብሎ ስለሚያውቀው ነው። በከተማ የጐደለን የልጁ ዕድሜ ሳይኾን ይህ መተዋወቅ ነው።

ወደ አገሬ በተመለስሁ ጊዜ ነገሩን ለባለቤቴ ብነግራት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላ ተቃወመችኝ። እኔም ቃሏን አልናቅሁም፤ ስለዚህ ሦስት ቀን ከልጄ ጋር እስከ ሱቁ ተመላለስሁ። ባለሱቁን፣ የቤቶቹን ዘበኞችና በማእዘኑ ላይ ጐመን የሚሸጡትን እናት «ይህ ልጄ ነው» እያልሁ አስተዋወቅኋቸው። በአራተኛው ቀን ግማሽ ኪሎ ስኳር እንዲገዛ ገንዘቡን ሰጥቼ ላክሁት። እኛ ከበሩ ላይ ቆመን ነበር፤ ባለቤቴ እጄን ጨብጣ ይዛ አንድ ቃል አልተናገረችም። ልጁ ከመምጣቱ በፊት ግን ጐመን ሻጭዋ ከሩቅ ሆነው «ግራ ቀኙን አይቶ ተሻግሯል፤ አይሥጉ!» ብለው ጮኹልን። እርሱም ስኳሩን በደረቱ አቅፎ ደረሰ፤ መልሱን ግን ሱቅ ላይ ረስቶት ኖሮ በማግስቱ ባለሱቁ ራሱ አስታወሰው።

እንግዲህ ልጅ በስንት ዓመቱ ይለቀቅ ብሎ ለሚጠይቀኝ ቍጥር አልሰጠውም። መንገዱን ያውቃልን? ቢቸገር የሚጠጋበትን ቤት ያውቃልን? በመንገዱ ያሉትስ ሰዎች ያውቁታልን? ብዬ እጠይቀዋለሁ። ሦስተኛው ጥያቄ ለልጁ ሳይኾን ለኛ የቀረበ ነው። ሹም የኾነው የእግረኛ መንገድና መሻገሪያ ያበጅ፤ ጎረቤት የኾነውም የጎረቤቱን ልጅ በስሙ ይጥራ።