ድንች ያለበት ማዕድ

ወጣት ሠራተኛ የመጀመሪያው የደመወዝ ጭማሪ ሲደርሰው፥ ብዙ ጊዜ ዘመዱን የጋበዘ እየመሰለው የሚጋብዘው የራሱን ኩራት ነው። እኔም በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ይህን ስሕተት ሠርቻለሁ። የማወራውም አንባቢን ለማሳቅ ብቻ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬደኝና አገሬን በሌላ ዓይን ያሳየኝ እርሱ ስለ ሆነ ነው።

ያሳደጉኝና ያስተማሩኝ አጎቴ ለጉዳይ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። እኒህን ሽማግሌ የት ልውሰዳቸው ስል አሰብሁና የጀርመን ምግብ ወደሚቀርብበት አንድ ቤት ወሰድኋቸው። ቤቱ ትንሽ ነው። ግድግዳው በእንጨት የተለበጠ፥ ጠረጴዛው ከባድ፥ መብራቱ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ሰው ሲገባ የደጁን ብርድ ወዲያው ይረሳል። ጀርመኖች ይህን የመሰለውን የቤት ሙቀትና የልብ ማረፍ «ጌሚውትሊሽካይት» ይሉታል። በአገራቸው የቆየ ምግብ ቤት የሚመሰገነው በምግቡ ጣዕም ብቻ ሳይሆን በዚህም ነው። በብዙዎቹም ዘንድ «ሽታምቲሽ» የሚባል ለዘወትር ደንበኞች የተጠበቀ ጠረጴዛ አለ፤ እንግዳ ሰው ሳይጋበዝ አይቀመጥበትም።

እኔ ግን ቀኑ ረቡዕ መሆኑን ረስቼው ነበር። የምግቡን ዝርዝር ባነብ የአሳማ ጭን፥ ቋሊማ፥ የጥጃ ሥጋ ጥብስ ነው። አሳማውንማ አጎቴ በፍስክም አይነኩት። ኮምጣጣውን ጥቅል ጎመን ብጠይቅ በአሳማ ስብ የተሠራ ሆነ። ላብ አሰመጠኝ። አጎቴ ግን ቀና ብለው፥ «ድንች የላቸውም?» አሉ።

ጆሮዬ ጋለ። ይህ ቃል ለምን እንዳሳፈረኝ ልናገር። በደብረ ማርቆስ ቤት ተከራይቼ ስማር ስንቄ የሚመጣው ከገጠር ነበር። መስከረም ትምህርት ሲከፈት ጤፉ ገና በማሳ ላይ ነው፤ ጎተራውም ባዶ ነው። በዚያ ጊዜ አጎቴ የሚልኩልኝ ድንች ነበር። እኔም ጓደኞቼ እንዳያዩኝ በሬን ዘግቼ እየቀቀልሁ እበላ ነበር። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ያው ድንች በሰው ፊት ተጠራብኝ።

አስተናጋጁ ግን አልሳቀም። ድንች በጀርመን ቤት የተከበረ ምግብ ነውና፥ በጨው የተቀቀለውን ከጥቁር ዳቦና ከቢራ ጋር አቀረበ። አጎቴ ባርከው በሉ። ቢራውንም ቀመስ አደረጉና፥ «ይህማ ጠላ ነው፤ ጌሾው ብቻ ተለወጠ» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ሁለቱም ከብቅል ይጠመቃሉ፤ እኛ ምሬቱን ከጌሾ ስናገኝ፥ እነርሱ ሆፕ ከሚባል ሐረግ አበባ ያገኙታል። በባየርን አገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1516 የወጣ ሕግ፥ ቢራ ከገብስ፥ ከሆፕና ከውኃ በቀር ሌላ ነገር እንዳይገባበት አዝዞ ነበር።

ስንወጣ አጎቴ፥ «ቤቱስ መልካም ነው» አሉኝ። «አንተ ግን አልበላህም፤ ሰው አየን አላየን ስትል አመሸህ። በጥቅምት ና፤ ደግሞ እኔ ልጋብዝህ።»

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በአውቶቡስ ተነሣሁ። ከጎሐ ጽዮን ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ በረሓ ይወርዳል፤ ሹራብ ለብሶ የተነሣ መንገደኛ ወንዙ ዘንድ ሳይደርስ ያወልቃል። በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የተመረቀውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግረን ሽቅብ ወደ ደጀን ስንወጣ ብርዱ እንደ ገና ተቀበለን። ከዚያ በኋላ ሜዳው የጤፍ ባሕር ነው። በስተ ሰሜን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጮቄ ተራራ ደመና ተከናንቦ ይታያል።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ደገኛ ከተማ ናት። የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነው፤ የቆረቆሯትም ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ናቸው። የዛሬውን ስም ያገኘችው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ በኋላ ነው።

አጎቴ የወሰዱኝ በሩ ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ ከተደፋበት አንድ ቤት ነበር። ጣሳው «ጠላ አለ» ማለት ነው፤ ሌላ ጽሑፍ አያስፈልገውም። ጎንበስ ብለን ገባን። ግድግዳው በጭቃ የተለሰነ፥ ጢሱ የጠቆረበት ነው፤ መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፏል፤ በአንድ ጥግ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ያ ስፍራ ሁልጊዜ የእነርሱ እንደ ሆነ ለመረዳት ጊዜ አልወሰደብኝም። «ሽታምቲሽ!» አልሁ በልቤ። ሽማግሌዎቹ ግን «ኖር!» ብለው ተነሡና ቦታውን ለቀቁልን።

ቀኑ ዓርብ ነበር። የቤቱ እመቤት ነጭ እንጀራ አነጠፉና ሽሮ፥ ጎመንና ድንች አልጫ አወጡበት። ጎረስ ባልሁ ቁጥር፥ «ብላ እንጂ፤ በሞቴ!» ይሉኛል። ጠላው የገብስ ነበረ፤ ጢስ ጢስ ይላል።

ሞቅ ሲለን ስለ ድንች ያነበብሁትን ነገርኋቸው። ድንች የኛም የጀርመኖቹም አልነበረም፤ አገሩ የደቡብ አሜሪካ ተራራ ነው። የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1756 ሕዝባቸው ድንች እንዲተክል ትእዛዝ አውጥተው ነበር። ወደ ኢትዮጵያ ደግሞ በ1858 ያስገባው ሽምፐር የሚባል ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ መሆኑ ይነገራል፤ እርሱም በ1837 መጥቶ በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ በአገራችን ኖሯል። ድንች ብርድ የማይፈራና በሦስት በአራት ወር የሚደርስ ስለ ሆነ፥ ለጎጃም ደጋ ገበሬ የክረምቱ መሻገሪያ ሆነ።

አጎቴ ዝም ብለው ሰሙኝ። ኋላም፥ «እንግዲያውስ የነጭ ምግብ ሳበላህ ኖሬያለሁ» ቢሉ ቤቱ በሣቅ ተናወጠ። ሣቁ ሲበርድ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «በርህን ዘግተህ ትበላ እንደ ነበር አውቅ ነበር» አሉኝ። «ጤፍ ቢኖረኝ ጤፍ እልክልህ ነበር።»

የምመልሰው ቃል አጣሁ። በዓይኔ እንባ ሞላ፤ በጢሱ አሳበብሁ። እመቤቲቱን ቀና ብዬ፥ «እማማ፥ ቅቅል ድንች አለ?» አልኋቸው። በሳሕን ከነልጣጩ አመጡልኝ። በሩ ወለል ብሎ እንደ ተከፈተ፥ መንገደኛው ሁሉ እያየኝ፥ ልጣጩን በጣቴ እየላጥሁ በአዋዜ በላሁ። ለአጎቴም አንድ አጎረስኋቸው።