እጅ ማጠር

ዓለም ከተማ የተከራየኋት ክፍል ጠረጴዛ ስላልነበራት፣ ካነጋገርኳቸው ገበሬዎች የጻፍኩትን ቃል በመቀስ ቆራርጬ ወለሉ ላይ አነጥፈው ነበር። በር ሲከፈት ነፋስ ይገባና የአንድ ሳምንት ሥራዬን ያደባልቀዋል። የዶክትሬት ጥናቴ የመርሐቤቴ ልጆች ትምህርት የሚያቋርጡበትን ምክንያት ይመለከታል።

የሶሺዮሎጂ ተመራማሪዎቹ ግሌዘርና ስትራውስ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ንድፈ ሐሳቡ ከመረጃው ይብቀል እንጂ መረጃውን አስቀድመው ባዘጋጁት ንድፈ ሐሳብ አይጨቁኑት ይላሉ። አምኜበታለሁ። ግን አማካሪዬ ለመረጃው በእንግሊዝኛ ስያሜ (ኮድ) እንድሰጥ ስለነገረኝ፣ መጀመሪያ ተርጉሜ ነበር ስያሜ የምሰጠው። ኮምፒዩተሩም አላገዘኝም፤ ፕሮግራሙ «እጄ»፣ «በእጄ» እና «እጃችን» የተለያዩ ቃላት ናቸው ብሎ ይቆጥራል። «ሐኪም» እና «ሀኪም»ንም እንዲሁ። ወደ መቀሴ የተመለስኩት ለዚህ ነው።

«እጄ አጥሮ ልጅቱን አስቀረኋት» ያሉትን ሁሉ በአረንጓዴ እርሳስ አስምሬ «ድህነት» አልኩት። ትልቁ ክምር እሱ ሆነ። ደስ አለኝ፤ ምዕራፉ ተጻፈ ማለት ነው።

የተረዳሁትን ለተናጋሪዎቹ መልሼ ማንበብ ነበረብኝና ከጀማ በረሃ አፋፍ ወደሚኖሩ አንዲት እናት ዘንድ ሄድኩ። ቡና እየቆሉ ያዳምጡኝ ነበር። «በድህነት ምክንያት» ስል ምጣዱን ከእሳቱ አወጡት።

«ማን ነው ድሃ? ድሃ ነኝ አልሁሽ እንዴ፣ ልጄ?»

«እማማ፣ እጄ አጠረ ብለውኝ...»

«እጄ አጠረ እንጂ! መሬት አለኝ፤ በሬዎቹንም ደጅ አይተሻል። ሰኔ ላይ ብሩን ማዳበሪያው በላው። መስከረም ላይ ደብተር ግዙ ሲሉ ጤፉ ገና ቡቃያ ነው። ኅዳር ሲደርስ አገኛለሁ። ያን ጊዜ ማን ይመዘግባታል?»

ማታ በኩራዝ ብርሃን (መብራት ጠፍቶ ነበር) አረንጓዴውን ክምር በትኜ በወር በወር ደረደርኩት። አብዛኛው ሰኔና መስከረም መካከል ወደቀ። እኔ ሀብት የሌለው ሰው ስፈልግ፣ እነሱ የሚነግሩኝ ስለ ወቅት ነበር፤ ምዝገባው ከአዝመራው ይቀድማል። ያ ሁሉ በአማርኛው ቅጂ ላይ ነበር፣ በራሴ እጅ የጻፍኩት። ትርጉሜ ውስጥ ግን የለም።

ቦርሳዬ ውስጥ የዶናልድ ሌቪን «ሰምና ወርቅ» ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመና ከጎረቤታችን ከመንዝ በተሰበሰበ የመስክ ጥናት ጭምር የተጻፈ። ርዕሱን ስንት ጊዜ አይቼው ኖሯል! ሰሙን ተርጉሜ ወርቁን ወለሉ ላይ ትቼው ነበር።

የተጻፈውን ምዕራፍ ጣልኩት። በእንግሊዝኛው ጽሑፌ «እጅ ማጠር»ን ሳልተረጉም እንዳለ አስቀመጥኩት። አማካሪዬ ጎኑ ላይ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አደረገበት። ሁለት ገጽ ማብራሪያ ጨምሬ መልሼ ላክሁለት፣ የእማማን በሬዎች ሳይቀር።