ሕግ ወደ ባሌ ደጋ ሲወጣ

ከአዲስ አበባ ተነሥተው በሻሸመኔ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ወደ ባሌ ቢጓዙ፣ ዲንሾን እንዳለፉ አገሩ ሰፊ ሜዳ ይሆናል። ስንዴውና ገብሱ በተነጠፈበት በዚያ ሜዳ ላይ ሮቤን ያገኟታል፤ መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከሮቤ ጥቂት ራቅ ብላ የቀድሞው የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ፣ ብርዳማዪቱ ጎባ ትገኛለች። ከበላይዋም የሳነቴ አምባና ቱሉ ዲምቱ አሉ።

ስለ ተራራውና ስለ ቀይ ቀበሮው ብዙ ስለ ተጻፈ፣ እኔ ዛሬ የማነሣው በዚህ ደጋ ስላለው የሕግ መጽሐፍ ነው።

በጥንት ዘመን ዐዋጅ በገበያ ነጋሪት እየተጎሰመ ይነገር ነበር። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው ነጋሪት ጋዜጣም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። በ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ደግሞ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎች ታወጁ። ከዚያ ወዲህ ለዳኛውም ለጠበቃውም የመጻሕፍቱ መደርደሪያ እንደ ገበሬ ማረሻ ሆነ። ነገር ግን ሕግ ሲለወጥ መደርደሪያው አብሮ ካልተለወጠ ጉዳቱ ብዙ ነው።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። በ1992 የወጣው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ዕድሜውን 18 አደረገው፤ ኦሮሚያም በ1995 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቶ ይህንኑ አጸና። አሮጌው መጽሐፍ ግን ስለ ውልና ስለ ውርስ ዛሬም ስለሚሠራበት፣ የተሻረውን ገጽ እንደ ያዘ በመደርደሪያው ላይ ይኖራል። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ የ15 ዓመት ልጃገረዶች በየቀኑ ከፊቴ ተቀምጠው ይማራሉ። ያ ገጽ መሻሩን ያልሰማ ሰው ቢያነበው ምን ሊደርስ እንደሚችል አንባቢ ራሱ ይገምተው።

የሚፈለገውም ጽሑፍ በዝቷል። ከፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ሌላ፣ የክልሉ ሕጎች በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የሚታተሙበት መገለታ ኦሮሚያ አለ። በ1997 የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 454 ደግሞ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ እንዲያስገድድ ደነገገ። ስለዚህ በጎባ የሚያስችል ዳኛ አዲስ አበባ የተወሰነውን ማወቅ ግዴታው ሆነ።

ዛሬ ይህ ሁሉ በእጅ ስልክ ይገኛል። በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣ የነበረው ጥራዝ በደቂቃ ይደርሳል፤ ይህም ለሩቅ አገር ታላቅ በረከት ነው። ሆኖም በስልክ ከሚዘዋወረው መካከል ያልጸደቀ ረቂቅም፣ የተሻረ ዐዋጅም ይገኝበታል። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋም ሁሉም አብሮ ይጠፋል።

እንግዲህ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሥራ በስልክ ምክንያት አልቀረም፤ እንዲያውም ከበደ። የታተመውን ጋዜጣ በቁጥሩና በዓመቱ ይጠብቃል፤ በአሮጌው ገጽ ጠርዝ ላይ የሻረውን ዐዋጅ ቁጥር ይጽፋል። በ2013 የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1243 የ1952ቱን የንግድ ሕግ በከፊል ሲሽር፣ ስለ ኢንሹራንስና ስለ ባንክ የሚናገረው ክፍል ግን ጸንቷል። ይህን ለይቶ የሚያሳይ ሰው በሮቤው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ለሚማረው ወጣትም፣ በፍርድ ቤት ደጅ ለሚጠብቀው ባለጉዳይም ባለውለታ ነው።

አንባቢም የሕግ መጽሐፍ ወይም ስልክ ሲከፍት በመጀመሪያ፣ «ይህ ሕግ በስንት ዓመተ ምሕረት ወጣ? ከዚያ ወዲህስ ተሻሽሏልን?» ብሎ ይጠይቅ።